የፀጉር ቅቤ

እሑድ፣ የካቲት 8

ዛሬ የቅበላ መጨረሻ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማሆይ ወለተሐና ነጠላቸውን አገልድመው ዕቃ ማጠብ ጀመሩ፤ እኔም ከጎናቸው። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ማማሰያው፣ ሁሉም በአመድ ታሸ፣ በፈላ ውሃ ተለቀለቀ፣ ጓሮ ተደፋ። ፀሐይ ያደርቀዋል ብለን ነበር፤ የአንኮበር ጉም ግን ቀኑን ሙሉ አልተገለጠም። ቅቤ የለመደው ድስት በጨርቅ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ወጣ። የልጄ የቃለ አብ የቅቤ ቅልም አብራ ወጣች።

“እስከ ፋሲካ ደህና ሁኚ” አሏት እማሆይ፣ ቅሏን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “ዕቃው እንዳይፈስክ አደራ። አንድ ጭልፋ ከፈሰከ የቤቱ ጾም ሁሉ ፈሰከ ማለት ነው” አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? የባሌ እናት ናቸው፣ መነኩሴ ናቸው፣ ማጀቱም የእሳቸው ነው። በሁዳዴ ዘይት እንኳ እዚህ ቤት አይገባም። የሱቅ ዘይት ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም ይላሉ።

ቃለ አብ ዓመት አልፎታል፤ ገና ሁለት አልሞላውም። እስከ ዛሬ ገንፎው ላይ ቅቤ ይደረግለት ነበር። ከነገ ጀምሮ በምን እንደሚበላ አልጠየቅሁም።

ማምሻውን ውሃ ልደፋ ስወጣ እማሆይ ከጎረቤታችን ከእትዬ ባፈና ጋር አጥሩ ሥር ቆመው ሰማኋቸው። “ሰርካለም የከተማ ልጅ ናት፤ ያውም ታጠባለች። ይሄን ጾም አትችለውም፣ እንዲያው ብትተወው ነው የሚሻላት” አሉ።

የከተማ ልጅ። ደብረ ብርሃን ስለተወለድኩ መሆኑ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው አይጾምም ያለው ማነው? እኔ የቄስ ሚስት ነኝ፤ እንደ ሁሉም ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ያዩኛል።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ራስ ምታት። ስድስተኛ ክፍል ላስተምር ስገባ ሰሌዳው ዞረብኝ፣ ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ።

የዛሬው አካባቢ ሳይንስ ስለ ተመጣጠነ ምግብ ነበር። የቅባትን ጥቅም ጻፍኩላቸው፦ ኃይል ይሰጣል፣ አንዳንዱ ቫይታሚን ያለ እሱ ሰውነት ውስጥ አይሰርግም፣ የሕፃን አንጎል ያለ ቅባት በደንብ አያድግም። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ አጎቴን ሐኪም ቅባት ልብ ይጎዳል፣ ተው ብሎታል።” ዓይነቱና መጠኑ ነው አልኳት። ለአንድ ትልቅ ሰው ሐኪም ቢከለክለው ለሁሉም ክልክል ነው ማለት አይደለም፤ የኑግ፣ የሱፍ፣ የተልባና የለውዝ ቅባት ደግሞ ለልብም ደግ ነው። ጥሩ አድርጌ ነው ያስረዳሁት።

ቤት ስገባ ቃለ አብ በውሃ የቀጠነ ሽሮ በእንጀራ ተፈትፍቶለት እማሆይ ጭን ላይ ተቀምጦ ነበር። አፉን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። “ጥርስ እያወጣ ነው” አሉ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ጤና ኬላ። የጤና ባለሙያዋ በዚያች ባለ ቀለም ሜትር የልጄን ክንድ ለካችው። ቢጫው ላይ ቆመ። ባለፈው አረንጓዴ ነበር።

“ሽሮና እንጀራ ሆዱን ይሞላዋል እንጂ አያሳድገውም” አለችኝ። “የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት። ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ጉልበት የሚይዘው ቅባት ነው። ቅቤ አድርጊለት፣ እንቁላል ስጪው። ካልሆነ ለውዝ ፈጭተሽ ገንፎው ውስጥ አግቢለት። ቀዩ ላይ ከወረደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ነው የምልክሽ።”

እሺ አልኩ። እኔ ሁልጊዜ እሺ ነኝ።

“አንቺስ ትበያለሽ?” አለችኝ። የሚያጠባ ሰው እንዲህ፣ የሚያጠባ ሰው እንዲያ ብላ ብዙ ተናገረች። ወረፋው ረጅም ስለነበር ቶሎ ወጣሁ።

ባሌ ተስፋሚካኤል ማታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ነገርኩት። ደክሞታል፤ በሁዳዴ ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ነው የሚውለው። “ሕፃን ሰባት ዓመት እስኪሞላው ጾም የለበትም፤ ታውቂያለሽ” አለ። አውቃለሁ። በየትኛው ድስት ልሥራለት ልለው ነበር። ወንድ ልጅ ስለ ማጀት ምን ያውቃል? እንቅልፍ ወሰደው።

እንቁላልም አሰብኩ። በምን ልቀቅለው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

ገበያ ወጣሁ። ነሲባ ከአሊዩ አምባ መጥታ እንደ ወትሮው ዣንጥላዋ ሥር ለውዝና ሰሊጥ ዘርግታለች። ረመዳን ገብቷል፤ እሷ ግን ልጇን እያጠባች ዳቦ በለውዝ ትቆረጥማለች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው ሁሉ እያያት። እኔ ደነገጥኩላት።

“አትጾሚም እንዴ?” አልኳት።

“ለምታጠባ ተፈቅዷል። ልጄ ሲጠና ቀዷዬን አወጣለሁ” አለች፤ የጎደለባትን ቀን በኋላ ትጾማለች ማለቷ ነው። “ሰው ምን ይለኛል አትዪም?” ስላት ሳቀችብኝ። “ሰው ያጠባልኛል?” አለች።

የቃለ አብን ነገር ነገርኳት። ወዲያው ለውዝ በወረቀት ጠቀለለች። “ቆላ አድርጊና ልጣጩን አራግፊ፤ ፍሬውን እንዳለ አትስጪው፣ ውቀጪው። ያንቃል፣ ፍሬው። ገንፎ ውስጥ አግቢው። የእኛ ልጆች በዚህ ነው ያደጉት።” በኋላ እወስዳለሁ ብዬ አለፍኩ። ለውዝ የጾም መቆርጠሚያ መስሎ ታየኝ፤ ልጄ የሚያስፈልገው ቅቤ ነው። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ትዝ ብሎኝ ነበር።

ከአንዲት ባልቴት ቅቤ ገዛሁ። “ለፀጉር ነው?” አለችኝ። ሁዳዴ ስለሆነ ሌላ ለምን ይሆናል? “አዎ፣ ለፀጉር” አልኳት። ባዶ የቫዝሊን ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቄ ፍራሽ ሥር አደረግሁት። ለፀጉር ከሆነ ማጀት አይገባም፣ ድስት አይነካም፤ የማንም ጾም አይፈስክም።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ልጄን ከቅቤው በጣቴ ጫፍ አልሰዋለሁ። ማታም። አፉን እንደ ወፍ ጫጩት ይከፍታል። ከዚያ በነጠላዬ ጫፍ አፉን እጠርገዋለሁ፣ እንዳይሸት።

ዛሬ እማሆይ ሹሩባዬን አይተው “ቅቤ ገዛሽ ሲሉ ሰማሁ። ፀጉርሽ ግን ደርቋል” አሉኝ።

“ገና አልተቀባሁም።”

“ተቀቢ እንጂ። ቅቤ ሲቆይ ይበላሻል።”

ሽሙጥ ነው። ሽሙጥ ካልሆነ ምንድነው? ጉንጬ ጋለ። ወሬው ከገበያ ቀድሞኝ ቤት መድረሱ ይገርማል፤ በዚህ አገር አንድ ሰው ካስነጠሰ ሰላ ድንጋይ ያሉት ሰዎች ይማርህ ይላሉ።

ሰኞ፣ የካቲት 30

ደከመኝ። ቃለ አብ ጡት ይይዝና ይጎትታል፣ ይጎትታል፣ ከዚያ ለቆ ያየኛል። ምናልባት ጡት መተው ጀምሮ ይሆናል። ሲያድጉ ይተዉታል።

ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ዛሬ ረዘመ። ሲሞላም ምግቡ አልወረደልኝም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ተቅማጥ። ከትናንት ማታ ጀምሮ። ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እማሆይ ጨርቁን እያጠቡ፣ እኔ እያቀፍኩ። የሚጠጣው ሁሉ ይወጣል። ዓይኑ ጎድጉዷል። ቅቤው ነው። ጠዋት ክዳኑን ስከፍተው ኮምጥጦ ሸተተኝ። አልተነጠረም። ማን ያልተነጠረ የገበያ ቅቤ ለሕፃን ይሰጣል? ልጃገረድ ሳለሁ እንኳ አላደርገውም ነበር። ግን ለማንጠር ድስት ያስፈልጋል።

አልነገርኳቸውም።

ዓርብ፣ መጋቢት 4

ክንዱ ቀዩ ጫፍ ላይ ነው፤ ገና አልገባበትም። የጤና ባለሙያዋ በሜትሯ ሁለቴ ለካች፤ ሁለተኛውም ያው ነው። ለምለም የሚሉትን በውሃ የሚበጠበጥ የተቅማጥ ዱቄትና ዚንክ ሰጠችን። ተቅማጡ እስከ ሰኞ ካልቆመ፣ ወይም መጠጣት እምቢ ካለ፣ ወዲያው ደብረ ብርሃን። ምን በላ ስትለኝ ምንም አልኩ። እንዲያው ምንም።

እማሆይ ከውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ሽቅብ ስንመለስ ልጁን ተቀብለውኝ በጀርባቸው አዘሉት። ሰባ ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ያውም በጾም አፋቸው። መንገዱን በሙሉ ይቆማሉ፣ አውርደው የለምለሙን ውሃ በማንኪያ ያጠጡታል፣ ደግሞ ያዝሉታል። እኔ ከኋላ እየተጎተትኩ፣ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ።

ጌታዬ ሆይ፣ ልጄን ተውልኝ። እኔ ነኝ ያበላሁት።

እሑድ፣ መጋቢት 6፣ ደብረ ዘይት

ተቅማጡ ዛሬ ቀነሰ።

ከቅዳሴ በኋላ ልጁ ሲተኛ እማሆይ የቫዝሊኑን ዕቃ አምጥተው ፊቴ አኖሩት። ፍራሹን ፀሐይ ላይ ሊያሰጡት ሲያነሱ አገኙት።

“ይሄን ነው የበላው?” አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

“አዎ።”

“ሳይነጠር?”

“አዎ።”

እኔ አለቀስኩ። ተቆጥተውኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

“ፀጉርሽ ሳይቀባ ሲሰነብት ጊዜ ለልጁ እንደሆነ አውቄያለሁ” አሉ። “ባፈና ቤት ወስደሽ የምታነጥሪው መስሎኝ። እንዳታፍሪ ብዬ ዝም አልኩ። እኔም ዝም ማለቴ ጥፋት ነው።”

“ዕቃው እንዳይፈስክ ብለውኛል።”

“ዕቃው እንዳይፈስክ አልኩ፤ ልጁ እንዳይበላ አልኩሽ?”

“አላሉም።”

“ለልጁ የራሱ ድስት ይኑረው ብትዪኝ እንቢ እልሽ ነበር?”

ይሄን ጥያቄ እስካሁን እያሰብኩት ነው። አይሉም ነበር። አፌን ብከፍት አይሉም ነበር። እኔ ግን የሚሉኝን ሁሉ በልቤ እየመለስኩላቸው፣ በልቤ እየተጣላኋቸው፣ ልጄን እስከ ቀዩ ጫፍ አደረስኩት።

“የከተማ ልጅ ናት ብለውኛል፤ ጾም አትችልም ብለውኛል። ሰምቻለሁ” አልኳቸው። ይሄ ደግሞ ከየት መጣ፤ ነገሩ የልጁ ነው፣ እኔ የራሴን ቂም አወጣሁ።

“የከተማ ልጅ ነሽ እኮ” አሉ፣ ግራ ገብቷቸው። “ምን ነውር አለው?”

ሰኞ፣ መጋቢት 7

እማሆይ ለብቻቸው የሚበሉባት ትንሽ የሸክላ ድስት አለቻቸው። ከመነኮሱ ጀምሮ ሌላ ሰው አይነካትም፤ ለሌላ ምግብም አትወጣም። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ድስት ምድጃው ጥግ ላይ ተጥዳ፣ ማጀቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። በሁዳዴ። ቅቤው ከእትዬ ባፈና ቤት የመጣ ነው፣ አዲስ ነው፣ ኮሰረትና ኮረሪማ ገብቶበት እየተነጠረ።

“ይቺ የቃለ አብ ናት” አሉ። “ጭልፋዋም ያቺውልሽ። ከሌላው ጋር አታጋጪያት።”

“እርስዎስ በምን ይበላሉ?”

“ለእኔ ቆሎ አለኝ። የተነከረ ባቄላ አለኝ። መነኩሴ በድስት ካልበላ ይሞታል?”

ሌላ ድስት ከገበያ እገዛልዎታለሁ አልኳቸው። ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል አሉኝ። ተስፋሚካኤል ሲገባ ቆመና አሸተተ፤ እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ልጁን አቅፎ ጉንጩን ሳመው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ትናንት ዒድ ነበር። ነሲባ ዛሬ በአዲስ ሻሽ ገበያ ወጣች። እንኳን አደረሰሽ አልኳት። ለውዙን ጠየቅኋት፤ “መጣሽ እንግዲህ” አለችና የተጠቀለለ ሰጠችኝ።

ከእማሆይ ጋር ቆላነው፣ አራገፍነው፣ ወቀጥነው። ወዙ ወጥቶ እንደ ቅባት ሲሆን በጣታቸው ቀምሰው “ይሄ እኮ ጾም ነው” አሉ። ጾም ነው፤ ከመጀመሪያውም ጾም ነበር። በቤቱ ድስት፣ በቤቱ ጭልፋ፣ ማንንም ሳያስፈስክ፣ ከየካቲት ጀምሮ ልጄ ሊበላው ይችል ነበር። ሱፉም፣ ኑጉም፣ ተልባውም እንዲሁ። መምህርት ተብዬ ለሌላው ልጅ አስተምራለሁ።

ቃለ አብ ለውዝ የገባበትን ገንፎ ጨርሶ ማንኪያውን ነከሰው። እማሆይ ሳቁ። እኔም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

ክንዱ ከቀዩ ራቀ። ገና ቢጫ ነው።

“ምግቡ ጥሩ ሆኗል። ጡትሽ ግን?” አለች ባለሙያዋ።

ደህና ነው አልኳት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 22

ክፍል ውስጥ ወደቅሁ። ብዙ አይደለም፤ ተቀመጥኩ ማለት ይሻላል። ልጆቹ ደንግጠው ውሃ አመጡልኝ። ገና ስድስት ሰዓት ስለነበር አልጠጣሁም። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ጣሳውን ይዛ ፊቴ ቆማ ቀረች።

ለእማሆይ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። “የንስሐ አባትሽን አነጋግረሻል?” አሉኝ። አነጋግራለሁ አልኩ። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። እስካሁን ዘልቄ አሁን ብተወው ምን ትርጉም አለው? በሰንበቴም በማኅበርም ሴቶቹ ሁሉ ያያሉ። የቄስ ሚስት ናት ይላሉ።

ቃለ አብ ማታ ጡት ሲጎትት አለቀሰ። በቅቤው ደልቧል፣ ጉንጩ ተመልሷል፤ ግን ለጡት ያለቅሳል። እሱ ጡት አልተወም፤ ወተቱን ያጎደልኩበት እኔ ነኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 27፣ ሆሣዕና

የዘንባባ ቀለበት ለልጁ ጣት ሠራሁለት፤ በላው። ከጉሮሮው ሳይደርስ አወጣሁት። ሁሉን ነገር ምግብ ነው የሚለው አሁን።

ሰሞነ ሕማማት ነገ ይገባል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 2፣ ስቅለት

በቀን ነው የምጽፈው፤ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ ከልጄ ጋር። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ከንጋት ጀምሮ ከሴቶቹ ጋር ስንሰግድ ነበር። ቃለ አብን አዝዬዋለሁ። ጥቂት ስሰግድ ምድሩ ከእኔ ጋር ይነሳል፣ ከእኔ ጋር ይወድቃል። እማሆይ ሁለት ረድፍ ከፊቴ ነበሩ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ባዶ ሆድ፣ ቆሎ ብቻ እየበሉ፣ ግንባራቸው አፈር እስኪነካ። እሳቸው ከቻሉ እኔ አልችልም? እያልኩ ነበር።

ተነሱና ወደ ኋላ ዞሩ። አዩኝ። ከዚያ ሰልፉን አቋርጠው፣ ሴቶቹ ሁሉ እያዩ፣ መጡና ክንዴን ያዙኝ። በዚያች ሜትር እንደሚለኩ ዓይነት በእጃቸው ከበቡት፤ ጣታቸውና ጣታቸው ተገናኘ።

“ከንስሐ አባትሽ ጋር እኔ ተነጋግሬያለሁ” አሉ። በሹክሹክታ አልነበረም፤ እትዬ ባፈናም ሰምታለች፣ የሰንበቴዎቹም ሰምተዋል። “የምታጠባ ሴት ትብላ ብለዋል። አንቺ ስላልጠየቅሽ እኔ ጠየቅሁልሽ። ሂጂ ቤትሽ፣ ምድጃው ጥግ ከድኜልሻለሁ።”

“እማሆይ፣ ዛሬ እኮ ስቅለት ነው።”

“ልጅሽም ዛሬ ይጠባል።”

ከሴቶቹ ማንም አልወቀሰኝም። አንዲቷ እንዲያውም ነጠላዬን አስተካክላ ልጁን አጠበቀችልኝ። እስከ ዛሬ የፈራሁት ይሄንን ነበር።

ቁልቁል ስወርድ አለቀስኩ። ከሐዘንም አይደለም፣ ከእፎይታም አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ሃምሳ ቀን ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን ነገር ሳሳይ ከርሜ ነው የደከመኝ።

ምድጃው ጥግ ሁለት ነገር ተከድኖ አገኘሁ። አንዱ የቃለ አብ ድስት ነው። ሌላው የቤቱ ሳህን ነው፤ ሱፍ ፍትፍት፣ ነጭ ሆኖ፣ ከላዩ የተወቀጠ ለውዝ ጣል ተደርጎበት። ጎኑ ማንኪያ ተቀምጧል። ሱፉን መች ቆሉት፣ መች ወቀጡት፣ መች አጠለሉት? ሌሊት ተነስተው መሆን አለበት፣ ከስግደቱ በፊት።

ሰዓቱን አላየሁም። ቆሜ ጀመርኩት። ቃለ አብ ጉልበቴን ይዞ ተነሳና አፉን ከፈተ። የእሱ ድስት እዚያው አጠገቡ ነው፤ እሱ ግን የእኔን ነው የፈለገው። አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ እያልኩ ሳህኑን ጨረስነው።